ኖር ያልተባለው እንግዳ

የወሰዱኝ ወፍጮው እየሠራ ነው። ሁለት ወታደሮች ገብተው በክንዴ ያዙኝ። “ሞተሩን ላጥፋ” ብላቸው አንደኛው “ራሱ ይጠፋል” አለኝ። መኪናው ላይ ስወጣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው አገኘሁ። ሦስቱም እንደ እኔ ወረታ ከተማ ውስጥ ሩዝ የሚፈለፍሉ ባለ ወፍጮዎች ናቸው፤ የአንዱ ፀጉር ገና በገለባ ብናኝ እንደተሸፈነ ነው። ከከተማው ሰው ሁሉ መካከል ባለ ወፍጮ ብቻ ለምን እንደተለቀመ እነሱ አላወቁም። እኔ አውቄዋለሁ።

ያስገቡን ከከተማው ዳር፣ ወደ ሜዳው በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለ አንድ መጋዘን ነው። ድሮ ሽንኩርትና ማዳበሪያ ይከማችበት ነበር። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የበሰበሰ ሽንኩርት፣ የሰው ላብ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ። ዐይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሠላሳ ያህል ሰው በየግድግዳው ሥር ተደርድሮ አየሁ። ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው ግድግዳ የምስማር ቀዳዳዎች ብቻ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበርና ቆርቆሮው ገና ከጧቱ ግሏል።

ከበሩ አጠገብ፣ ብቻውን፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ተቀምጧል። ሳየው ፊቴን አዙሬ ከሩቁ ግድግዳ ሥር ተቀመጥሁ።

የፎገራ ሜዳ ላይ ያን ሰው የማያውቅ የለም። የካቶሊክ ማኅበር ወንድም ነው። ካህን አይደለም፤ አይቀድስም፣ አያናዝዝም። ቃል ኪዳን ገብቶ፣ ሚስትና ቤት ትቶ በእጁ ሥራ የሚያገለግል ሰው ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከማኅበሩ ገባ፤ ከዚያ ወደ አገራችን ተልኮ ፀጉሩ እዚሁ ሸበተ። ሥራው የውሃ ጉድጓድ የእጅ ፓምፕ መጠገን ነበር። በአሮጌ መኪናው ይመጣና ቧንቧውን ነቅሎ መሬት ላይ ያጋድማል፤ ያለቀውን ጎማ ይቀይራል፤ ውሃው ሲመጣ የመጀመሪያዋን ጣሳ በራሱ አናት ላይ ደፍቶ ሴቶቹን ያስቃል። ማንንም “ና ካቶሊክ ሁን” ብሎ አያውቅም። ይህም ራሱ ያስጠረጥረው ነበር፤ ጎንደሬ ለካቶሊክ ያለው ጥርጣሬ ከአያት የተወረሰ ነው። “እርስዎ” ስንለው “አንተ በሉኝ፣ ወንድም ነኝ” ይል ነበርና እኔም እዚህ እንደወደደው እጽፈዋለሁ።

ሕዝቡ ግን “አባ” ነበር የሚለው። ሚስት ያላገባ፣ የሚጸልይ ሰው ለእኛ መነኩሴ ነው፤ መነኩሴ ደግሞ አባ ነው። “አባ አይደለሁም፣ ቄስ አይደለሁም” ሲል ሰዉ እርስ በርሱ ይጠቃቀሳል። የእኛ አባቶች “እኔ ምንም አይደለሁም፣ ኃጢአተኛ ነኝ” ሲሉ ነው ይበልጥ የሚከበሩት። ስለዚህ እሱም በካደ ቁጥር ማዕረጉ ከፍ አለ። ያን ሁሉ ጣጣ ያመጣውም ይኸው የእኛ ስሕተት ነው።

እኔ ከመያዜ ዐሥር ቀን በፊት ወታደሮቹ የሚያሳድዱት አንድ የቆሰለ ታጣቂ ወፍጮ ቤቴ ገባ። ጎልማሳ ነው፤ ሚስት እንዳለችው ነግሮኛል። የተመታው ሆዱ ላይ ነው። ከገለባው ክምር በስተኋላ ሦስት ቀን ደበቅሁት፤ ውሃ አጠጣሁት፤ ነጠላዬን ቀድጄ ቁስሉን አሰርሁለት። በአራተኛው ቀን የቤት ለቤት ፍተሻ ሊጀመር ነው ተባለና ፈራሁ። ይህችን ሳልሸፋፍን ልጻፋት። ማለዳ በጋሪ ጫንሁት፤ ገለባ አለበስሁት፤ ቁሐር ሚካኤል ካለ አንድ ጉድጓድ ዳር አወረድሁት። ፈረንጁ ያን ቀን ያን ፓምፕ ሊጠግን እንደሚመጣ ሰምቼ ነበር። “የሚረዳህ ሰው ይመጣል” አልሁት። “አትሂድ” አለኝ። ሄድሁ።

ውሃ ሊቀዱ የወረዱ ሴቶች የሆነውን ከሩቅ አይተዋል። ፈረንጁ ሲደርስ ሰውየው ነፍሱ አልወጣችም ነበር። የፈረንጁን አንገት ይዞ “አባ፣ ይፍቱኝ” እያለ ብዙ ነገር በጆሮው ነገረው፤ ፈረንጁም ጎንበስ ብሎ ሰማው። ሰውየው እዚያው ሞተ። ሴቶቹ ያዩትን አወሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና በማግሥቱ ፈረንጁ ተያዘ። የሟቹ ልብስ ላይ የሩዝ ገለባ ተገኘ፤ ከዚያም ባለ ወፍጮዎች ተለቀምን።

ሟቹ ምን ብሎ እንደተናዘዘ አላውቅም። ግን የሚሞት ሰው የተደበቀበትን ቤት፣ ያጠጣውን ሰው፣ ጥሎት የሄደውን ሰው ሳያነሣ ይቀራል? ስሜ በዚያ ሽማግሌ ሆድ ውስጥ ነበር። ያወጣው ዕለት አለቀልኝ።

በመጋዘኑ ውስጥ ትልቁ ሰው ከጣራ ገዳም በኩል የመጡ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። የታሰሩት ማን መሆኑን ሳይጠይቁ ለአንድ ሟች ፍትሐት ስላደረጉ ነው። የእጅ መስቀላቸውን በር ላይ ተቀብለዋቸዋል። ከምርመራ ሲመለሱ ሁላችንም ከመቀመጫችን እየተነሣን “ኖር” እንላቸዋለን። እሳቸውም “በእግዜር፣ ኧረ አትነሡ ልጆቼ” ይላሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ሰው መሆናችንን የምናስታውስባት ይህች ነበረች። በሩ በተከፈተ ቁጥር የምንነሣው በፍርሃት ነው፤ ለእሳቸው ግን ወደን እንነሣለን።

ለፈረንጁ የሚነሣ አልነበረም። ከምርመራ ይመጣል፣ ከበሩ አጠገብ ይቀመጣል፣ አለቀ። ከቤት የሚመጣልንን ስንቅ ቄሱ ባርከው በአንድነት ስንበላ እሱ ለብቻው ነው። እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንጾም ግን እሱም ይጾማል። አንድ ቀን ቄሱ ይህንን ታዝበው “ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ አሉ” ብለው ሰዉን አሳቁ። ፈረንጁም ሳቀ።

“አባ፣ ቁርበቱ ታዲያ የት አለ? እኔ የተቀመጥሁት ሲሚንቶ ላይ ነው” አላቸው፣ በእኛው አገር ለዛ።

ቄሱ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ቦታቸውን ግን አልለቀቁለትም።

መርማሪው የተማረ፣ ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር። እንዲህ ያለው ነው የሚያስፈራው። ፈረንጁ ሲመለስ የተጠየቀውን ሳይደብቅ ይነግረን ነበር፤ እኔም እያንዳንዷን ቃል እለቅማለሁ። “እኔም የክርስቲያን ልጅ ነኝ፤ ቄስ ከሆንህ የሰማኸው ንስሐ ነውና አልነካህም። ቄስ ነህ ወይ?” ይለዋል። እሱ “አይደለሁም” ይላል። “እንግዲያው ምሥጢር የለህም፤ ተናገር” ይለዋል። አንዲት “አዎ” ብትወጣው ይተዉት ይሆናል። እሷን አላወጣም።

ከባለ ወፍጮዎቹ አንዱ “አንድ ውሸት ምን ነበረባት?” አለው።

“ያልሆንሁትን መሆን አልችልም” አለ። “አርባ ዓመት ሙሉ አይደለሁም ስላችሁ ነው የኖርሁት።”

ሰዉ ራሱን ነቀነቀለት። እኔ ግን የራሴን አሰብሁ። ውሸት የማይናገር ሰው ስሜን ያውቃል። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል?

በአራተኛው ቀን የግቢው ፓምፕ ተበላሸ። የጠባቂዎቹ አለቃ በሩን ከፍቶ “አንተ ፈረንጅ፣ ይህን ታውቅበታለህ አሉ” አለው። ቧንቧውን የሚያነሣለት ሰው ሲያስፈልግ ፈረንጁ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። ለምን እኔን እንደመረጠ ልጠይቀው አልደፈርሁም። ሜዳው ከአጥሩ ወዲያ ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ ጥቁሩ የዋልካ አፈር በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ቧንቧውን ነቀልን። ጎማው አልቋል። ግራ ቀኙን አየና የጎማ ሸበጤን ጠየቀኝ። አወለቅሁለት። ከጠባቂው ቢላ ተውሶ ከተረከዙ ላይ ክብ አድርጎ ቆረጠ።

“ወፍጮ ቤት ነው የምትሠራው?” አለኝ፣ ቀና ሳይል።

“አዎ።”

“አውቃለሁ” አለ።

ሌላ አልጨመረም። የቆረጣትን ጎማ በምራቁ አርሶ ቦታዋ አስገባት፤ ቧንቧውን መልሰን ሰደድነው፤ ውሃው መጣ። መጀመሪያ የጠጣው ጠባቂው ነው። ወደ ውስጥ ስንገባ አንዱ እስረኛ “ላሳሪዎችህ ውሃ ታወጣላቸዋለህ?” ብሎ አጉረመረመበት።

“ውሃው አላሰረኝም” አለው ፈረንጁ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝቼ ምን እንደተመኘሁ ልናገር። ይሙት ብዬ ተመኘሁ። በእርጅናው፣ በሙቀቱ፣ በምንም ይሁን፤ ሳይናገር ይሙት። ይህንም የተመኘሁት ሰውየው ውሃ ሲጠጣ እያየሁት ነው።

በማግሥቱ ፈረንጁ ቄሱ ፊት ሄዶ ተንበረከከ።

“አባ፣ እውቀት ፈልጌ ነው። አንድ ሰው ቄስ መስሎት የነፍሱን ነገር ቢነግረኝ፣ እኔ ደግሞ ቄስ ባልሆን፣ የሰማሁት ነገር ምንድን ነው?”

ቄሱ ጢማቸውን ያዙ። “ቄስ እንዳልሆንህ አልነገርኸውም?”

“ልነግረው ስል ትንፋሹ አጠረ። ከዚያ በላይ ላሳዝነው አልወደድሁም። ዝም ብዬ ሰማሁት።”

“ፈትቼሃለሁ አልኸው?”

“አላልሁትም። ‘እግዚአብሔር ይፍታህ’ ብቻ አልሁት።”

“በእኛ ሥርዓት ይህ ንስሐ አይደለም” አሉ። ንስሐ ካልሆነ ምላሱን የሚያስረው የለም፤ ሊናገር ነው። ቄሱ ግን “ነገ ልመልስልህ” አሉ። ያን ሌሊት እንዴት እንዳነጋሁት አልጽፍም።

ሲነጋ ቄሱ ራሳቸው ጠሩት። “ስማኝ። ሰውየው ያን ነገር ለአንተ አልነገረም። ለእግዜር ነው የነገረው፤ አንተ መንገድ ላይ ተገኝተህ ሰማኸው። የሰው ዕቃ መንገድ ላይ የወደቀ ያገኘ ሰው ምን ያደርጋል?”

“ለባለቤቱ ይመልሳል።”

“የጠየቀው ባለቤቱ ካልሆነስ?”

“አይሰጥም።”

“በቃ” አሉ ቄሱ። “ሥርዓቱን አላውቀውም፤ ይህችን ግን ማንም ገበሬ ያውቃታል።”

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተከፈተና እሱንና አራታችንን ባለ ወፍጮዎች ጠሩን። ግቢው መሐል በረድፍ አቆሙን። መርማሪው ወንበር ላይ ተቀምጧል።

“ውሸት አትወድም” አለው ፈረንጁን፣ በለሰለሰ ድምፅ። “እውነቱን ንገረኝ። ሟቹን የደበቀው ከእነዚህ አንዱ ነው?”

ፈረንጁ አራታችንንም አየን። እኔ ላይ ሲደርስ ዐይኑ አልፈጠነም፣ አልዘገየምም።

“የምነግርህ የለኝም አልልህም። አለኝ። ግን የእኔ አይደለም፤ ልሰጥህ አልችልም።”

“የማን ነው?”

“የሟቹ ነው።”

“ሟቹ እኮ ሞቷል።”

“ስለዚህ ልመልስለት አልቻልሁም። ይዤው እቆያለሁ።”

መርማሪው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። “እንግዲያው ይዘኸው ቁም” አለና ተነሥቶ ሄደ።

እኛን መለሱን። እሱን ኮፍያውንና ጫማውን አስወልቀው ፀሐይ ላይ አቆሙት። ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው። በምስማር ቀዳዳ ተራ በተራ እያየን ላላየው እንነግራለን፤ “ቆሟል”፣ “እግሩን ቀየረ”፣ “ወደቀ”፣ “አነሡት”። ስድስት ሰዓት ላይ ቄሱ “አሁንስ?” አሉ። “ቆሟል” አልናቸው። የኔ ተራ ሲደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ይጸልይ ይሁን ይቃዥ አልለየሁም። ከፊቱ በዐሥር እርምጃ በኔ ሸበጥ የተጠገነው ፓምፕ አለ፤ ጠባቂዎቹ ከሱ እየቀዱ ይጠጣሉ።

በሩን መታ መታ አድርጌ “እኔ ነኝ” ማለት እችል ነበር። ከዚያ የቀረበ በር በዕድሜዬ አላየሁም። እጄን አነሣሁ። መልሼ አወረድሁት። ማንም አላየኝም።

ከከተማው ቤተ ክርስቲያን የዘጠኝ ሰዓት ደወል ሲሰማ በሩ ተከፈተ። ሁለት ወታደሮች ደግፈው አምጥተው ደፉ ላይ ለቀቁት። አልወደቀም፤ መቃኑን ያዘ። ፊቱ ቀልቶ አብጧል፤ እግሩ ሥር ቆዳው ተላጧል። እንደ ልማዱ ከበሩ አጠገብ ሊቀመጥ ሲል ቄሱ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ።

“ኖር” አሉ።

ሁላችንም ተነሣን። ሠላሳ ሰው በአንድ ጊዜ ሲነሣ የግድግዳውን ቀዳዳዎች ጋረድናቸውና ቤቱ ጨለመ። ጠባቂው ረብሻ መስሎት መሣሪያውን አቀባበለ። ማንም አልተቀመጠም። ፈረንጁ ግራ እንደገባው ሰው አየን፤ ያችን ቃል ስትባል ብዙ ጊዜ ሰምቷታል እንጂ ለእሱ ተብላ አታውቅም።

“በእግዜር” አለ፣ በደረቀ ጉሮሮ። “አትነሡብኝ።”

“ወደዚህ ይምጡ” አሉት ቄሱ። “የርስዎ ቦታ እዚህ ነው።” እስከዚያ ቀን “አንተ” ነበር የሚሉት። ክንዱን ይዘው ጋቢያቸው ላይ አስቀመጡት፤ የመጀመሪያውንም እንጀራ ባርከው ከራሳቸው ትሪ አቀረቡለት።

ውሃ የወሰድሁለት እኔ ነኝ። ጣሳውን ሳቀብለው ጆሮው ሥር ጎንበስ አልሁ።

“እኔ ነኝ” አልሁት።

“አውቃለሁ።”

አፌ አላርፍ አለኝ። “ስለ እኔ ምን አለ? ረገመኝ?”

ቀና ብሎ አየኝ። የሚያዝንልኝ ይመስል ነበር።

“የእኔ አይደለም” አለ። “ውሃ ጨምርልኝ።”

በማግሥቱ በመኪና ወሰዱት። ወደ አገሩ ልከውታል ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬውን አልሰማሁም። እኛን ባለ ወፍጮዎቹን ማስረጃ ሲጠፋ ከወር በላይ አቆይተው ለቀቁን። ቄሱም ወጥተው መስቀላቸውን መልሰውላቸዋል። ስንለያይ አሳለሙኝና ምንም አልጠየቁኝም። የሚያውቁ ይመስለኛል።

ዛሬ የቁሐር ሚካኤሉን ፓምፕ ጎማ የምቀይረው እኔ ነኝ፤ አንድ ጊዜ ሲቆርጥ አይቼ ተምሬዋለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሟቹ ስለ እኔ ያለውን እኔ ብቻ ሳልሰማው እሞታለሁ። ያዳነኝ ዝምታ ይህን ዋጋ አስከፍሎኛል፤ አላማርርም።

ባለፈው ዓመት አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ሩዝ ልታስፈለፍል መጣች። ተራዋን ስትጠብቅ ባሏ በዚህ አገር ሆዱ ላይ ቆስሎ ቁሐር ሚካኤል ጉድጓድ ዳር እንደሞተ፣ ከዚያ በፊት ያየው ሰው ካለ እየጠየቀች እንደምትዞር ለሌሎቹ ሴቶች ስትናገር ሰማሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ነበር። ግን የነገሩ ባለቤት መጥታለች። ሞተሩን አጠፋሁ።

ሁሉንም ነገርኋት። ገለባውን፣ ውሃውን፣ ጋሪውን።

“‘አትሂድ’ አለህ?” አለችኝ።

“አዎ።”

“ሄድህ?”

“ሄድሁ።”

ያልተፈለፈለ ሩዟን ተሸክማ ወጣች። ሁለተኛ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ ከወር በኋላ ግን መጣች። ከተማው በወፍጮ የተሞላ ነው፤ እሷ ግን የኔን መረጠች፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። አሁንም ትመጣለች። ከበሩ ስትደርስ እነሣና “ኖር” እላታለሁ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለችና ሴቶቹ ይስቁብኛል። “በእግዜር” ብላኝ አታውቅም። ጆንያዋን አውርዳ ተራዋን ትይዛለች። እስክትቀመጥ ድረስ እቆማለሁ።